ፊርማው ላይ የሌሉት

አኖ ውስጥ ሽማግሌ ተልኮ "አይሆንም" ሲባል ምክንያቱ አይነገርም። የአክስቴ ልጅ ላይ የደረሰው እንዲህ ነው። ሽማግሌዎቹ ሁለት ጊዜ ሄዱ። ቡና ተፈላላቸው፣ መረቁ፣ "እስቲ እንመካከርበት" ተባሉ። በሦስተኛው ቀጠሮ የልጅቷ አባት ራሱን ነቅንቆ "እግዜር ሌላ ይስጣችሁ" አለ። አለቀ። ልጁ ሥራ አለው፣ ሱስ የለበትም፣ ልጅቷም ትወደዋለች። ምክንያቱ ወር ቆይቶ በገበያ በኩል ዞሮ መጣልን። ለካ አጥንት ተቆጥሯል። የቅድመ አያቱ እናት ከአባይ ቆላ ተይዛ የመጣች ናት ተብሎ ነው።

አያቴን አኮ ነው የምንላት። ሄጄ ጠየቅኳት።

"ማን ቤት ነበረች?"

"ጌቶች ቤት።"

"ምን ትሠራ ነበር?"

"ትልቅ ቤት ብዙ እጅ ይፈልጋል፣ ልጄ" አለችኝና ጨዋታ ቀየረች።

በዚያው ሰሞን ስልኬ ላይ ሌላ ክርክር ተጧጡፎ ነበር። ስለ ደጃዝማች ሀብተ ማርያም ገብረ እግዚአብሔር ነው። ግማሹ "ባንዳ" ይላቸዋል፤ ግማሹ "የነፃነት አባት"። ታሪኩን ያልሰማችሁ ካላችሁ ባጭሩ ይኸው፦ በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን አዲስ አበባ ሲገባና ንጉሠ ነገሥቱ ሲሰደዱ፣ ነቀምቴ ላይ የምዕራብ ኦሮሞ መሪዎች ተሰባስበው ከኢትዮጵያ መንግሥት የተለየ ኮንፌዴሬሽን አቋቁመናል አሉ። 33 ባላባቶች ፈርመው ለዓለም መንግሥታት ማኅበር አቤቱታ ጻፉ። ከፊት የቆሙት የሌቃ ነቀምቴው ገዢ ሀብተ ማርያም ነበሩ።

ሁለቱም ወገን ስለ አንድ ወረቀት ነው የሚጣላው። እኔ ግን የአኮን መልስ ጆሮዬ ላይ ይዤ ስለዚያ ወረቀት ሳነብ ሌላ ጥያቄ መጣብኝ። 33ቱ ነፃ መውጣት ፈለጉ፤ እሺ። ትልቁ ቤት ውስጥ "ብዙ እጅ" የነበሩትስ?

ቤቱ

ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ የሚወስደው መንገድ አምቦን፣ ጌዶንና ባኮን አልፎ እኛ ጋ ይደርሳል፤ ከአኖ ሲሬ፣ ከሲሬ ነቀምቴ። ነቀምቴ ገብቶ የኩምሳ ሞረዳን ቤተ መንግሥት ያላየ ሰው ሄጃለሁ ባይል ይሻላል። ግቢው ዛሬ የሚጎበኝ ቅርስ ነው። አንድ ሕንፃ ብቻ አይደለም፤ በአጥር የተከበቡ ብዙ ቤቶች ናቸው። የእያንዳንዱ ቤት ሥራ ለየቅል ነበር።

የዚህ ቤት ታሪክ የሚጀምረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ነው። በከሬ ጎዳና የተባሉ የጦር መሪ በሌቃ ምድር ሥልጣኑን ከገዳው ጉባኤ ወደ ራሳቸው ቤት አመጡት። ልጃቸው ሞረዳ ወረሱ። በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ጦር የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ድል ሲያደርግ፣ ወለጋ የማን እንደሚሆን ተወሰነ። ሞረዳ በራስ ጎበና ዳጬ በኩል ሳይዋጉ ገበሩ።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በደቡብና በምሥራቅ በጦር የተያዘ አገር ላይ ነፍጠኛ ተተከለ፤ ገበሬው ገባር ተብሎ ተከፋፈለ። በስምምነት የገባው ግን ሌላ ዕጣ ገጠመው። የጅማው አባ ጅፋር፣ የቄለሙ ጆቴ ቱሉ፣ የነቀምቴው ሞረዳና ከሳቸው በኋላ ልጃቸው ኩምሳ፣ በወርቅና በዝሆን ጥርስ እየገበሩ የውስጥ አስተዳደራቸውን ይዘው ቆዩ። ኩምሳ ክርስትና ተነስተው ገብረ እግዚአብሔር ተባሉ፤ ደጃዝማችም ሆኑ። የሀብተ ማርያም አባት እሳቸው ናቸው።

ስምምነቱ ግን ዓመት በዓመት እየጠበበ ሄደ። ጆቴ ቱሉ ከሥልጣናቸው ተነሱ። ኬላው፣ የመሬት ልኬቱ፣ አዲሱ ግብር አንድ በአንድ ወደ ማዕከል ተሳበ። በ1920ዎቹ አጋማሽ አባ ጅፋር ሲያርፉ ጅማ የራስ አስተዳደሯን አጣች። ነቀምቴ ይህን ሁሉ ታያለች። ደጃዝማች ሀብተ ማርያም የተረከቡት ወንበር ቁመቱ ያው፣ እግሩ ግን የተቆረጠ ነበር። ገበሬውም ቢሆን ከላይ ያለው ጌታ ሲበዛ፣ ለአንዱ የከፈለውን ለሌላው ሲደግም ኖሯል። ቅሬታው የውሸት አይደለም። ይህን ሳልናገር ወደ ቀጣዩ ብሄድ በደል ይሆንብኛል።

እጆቹ

አሁን ወደ ጓዳው እንግባ።

በሌቃ ምድር ቢሎ የሚባል ስመ ጥር ገበያ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከጎጃም፣ ከእናርያና ከጅማ የመጡ ነጋዴዎች የሚገናኙት እዚያ ነው። የሚሸጠው ቡና፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ ነው። ሰውም ይሸጣል። ዋጋው በአሞሌ ጨው ይቆጠር ነበር። ከዚያ መንገዱ ወደ ሰሜን አባይን ተሻግሮ ጎጃም፣ ከጎጃም ወደ መተማ ወይም ወደ ምፅዋ ይቀጥላል። ከቀይ ባሕር ማዶ ዐረብ አገር አለ።

የሚሸጡት እነማን ነበሩ? በጦርነት የተማረከ፣ በዕዳ የተያዘ፣ ከመንገድ የተጠለፈ ሕፃን ከየትኛውም ሕዝብ ይገኝ ነበር፤ ኦሮሞም ይሸጥ ነበር። በወለጋ ምዕራባዊ ጠርዝ ግን አደኑ የሚያነጣጥርባቸው ሕዝቦች የታወቁ ናቸው፦ በርታ፣ ማኦ፣ ኮሞ፣ ጉሙዝ። ጆቴ ቱሉ ከቄለም፣ ሼክ ኾጀሌ አል ሐሰን ከአሶሳ በዚህ ንግድ ስማቸው ይነሳል። ማዕከሉም እጁ ንፁህ አልነበረም። ከዳር አገር ገዢ የሚጠበቀው ግብር ወርቅና ዝሆን ጥርስ ብቻ ሆኖ የማይቀርበት ጊዜ ነበር፤ ሰውም ይላካል። የአዲስ አበባ መኳንንት ቤት ውኃ የሚቀዳው፣ እንጨት የሚለቀመው፣ ጠጅ የሚጠመቀው በማን እጅ እንደነበር ማንም ያውቃል።

የሌቃ ገዢዎች ቤትም እንደ ሌሎቹ ገዢዎች ቤት ባሪያ ነበረው። የአኮ "ብዙ እጅ" ማለት ይህ ነው።

ሕጉስ? ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. መግቢያ የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን የባርነት ጉዳይ ትልቁ መሰናክል ነበር። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ አልጋ ወራሽ ተፈሪ ባርነትን ቀስ በቀስ የሚያስቀር አዋጅ አወጡ። ከዚያ ወዲያ ከባሪያ የሚወለድ ልጅ ነፃ ይሆናል፤ ጌታው ሲሞት ባሪያው የሚለቀቅበት መንገድም ተበጀ። በ1923 ዓ.ም. ሌላ አዋጅ ተከተለ። ግን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ ለንደን ያለው የፀረ ባርነት ማኅበር በኢትዮጵያ እስከ 2 ሚሊዮን ባሪያ አለ ብሎ ይገምት ነበር። ቁጥሩ ግምት ነው። ጣሊያን ግን ከዚህ ዓይነት ወሬ መሣሪያ ሠራበት። እ.ኤ.አ. መስከረም 1935 ለማኅበሩ ባቀረበው ረጅም ክስ "ባሪያ ፈንጋይ አገር ከኛ እኩል አይቀመጥም" የሚል መንፈስ ነበረው። ወር ሳይሞላ ወረረን።

ሂካ እና አስቴር

የነቀምቴን ታሪክ ልዩ የሚያደርገው ቀጥሎ ያለው ነው።

ዛሬ በወለጋ፣ እንዲያውም በኦሮሚያ ሁሉ፣ የጽሑፍ አባት ተብለው የሚከበሩት ሰው ባሪያ ነበሩ። በኢሉባቦር መቱ አጠገብ ሁሩሙ ላይ ተወለዱ፤ የልጅነት ስማቸው ሂካ ነው። ሕፃን ሳሉ ተጠለፉ፣ ከእጅ ወደ እጅ ተሸጡ፣ ምፅዋ ደረሱ። እ.ኤ.አ. በ1870 ነፃ ወጥተው እምኩሉ ለሚገኘው የስዊድን ሚሲዮን ተሰጡ። ኦነሲሞስ ነሲብ የምንላቸው እሳቸውን ነው። ኦነሲሞስ የሚለው ስም መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የባሪያ ስም መሆኑን ልብ በሉ። ሂካ ደግሞ በኦሮምኛ ተርጓሚ እንደማለት ነው። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መለሱት፤ እ.ኤ.አ. በ1899 ስዊዘርላንድ ውስጥ ታተመ።

ሥራውን ብቻቸውን አልሠሩትም። አስቴር ጋኖ የምትባል ልጅ ነበረች። በሊሙ እናርያ ንጉሥ ቤት በባርነት ካለፈች በኋላ ወደ ዐረብ አገር በመርከብ ተጭና ስትሄድ፣ እ.ኤ.አ. በ1886 የጣሊያን መርከብ አስጥሏት እምኩሉ ገባች። የኦሮምኛው ቃል በሷ ጭንቅላት ውስጥ ነበር። ተረቱን፣ ዘፈኑን፣ ምሳሌውን እያስታወሰች ጻፈች። እ.ኤ.አ. በ1894 የወጣው የኦሮምኛ ማንበቢያ የሁለቱ የጋራ ሥራ ነው።

ኦነሲሞስ እ.ኤ.አ. በ1904 ወደ ወለጋ ሲመጡ የተቀበሏቸው ማን ነበሩ? ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ ማለትም ኩምሳ ሞረዳ። ካህናት ከሰዋቸው ማስተማር ሲከለከሉ እንኳ ነቀምቴ መኖሪያቸው ሆኖ ቀረ። በ1923 ዓ.ም. ያረፉት እዚያው ነው። አስቴር እስከ 1964 እ.ኤ.አ. ድረስ ኖረች፤ ያረፈችውም ነቀምቴ ነው።

አንዱን ባሪያ የነበረ ሰው መምህር አድርጎ በደስታ የተቀበለ ግቢ፣ ከጓዳው ሌላ ባሪያ ነበረው። ሁለቱም እውነት ናቸው። የቤቱ ጌታ ሁለቱን እንዴት አስታርቀው እንደያዙት ባላውቅም፣ አንድ ነገር ግን ይገባኛል፦ አንድን ባሪያ በስሙ ማወቅ ባርነትን ከማወቅ ይለያል። ኦነሲሞስ መጽሐፍ ይዘው መጡ፤ ስም አላቸው። ከአባይ ቆላ የመጣችው ሴት እንስራ ይዛ ነው የቆመችው።

ግንቦት 1928

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ ወጡ። ሚያዝያ 27 ጣሊያን ገባ። በመሀል ከተማው ተዘረፈ፣ ተቃጠለ። ምዕራቡ ግን ገና አልተያዘም። ንጉሠ ነገሥቱ ጎሬ ላይ ቢትወደድ ወልደ ጻድቅን እንደራሴ አድርገው ትተዋል። ራስ እምሩም ከጎጃም ወደዚያው እያፈገፈጉ ነው።

በትምህርት ቤት የተማርነው "ኢትዮጵያ ከጣሊያን ጋር ተዋጋች" የሚል ነው። እውነት ነው፤ ግን በዚያ ጦርነት ሆድ ውስጥ ሌላ ጦርነት ነበር። ጎጃም ላይ ገሠሠ በለው በራስ እምሩ ላይ ተነስተዋል። ራያና አዘቦ ላይ ከማይጨው የሚመለሰው ጦር ከኋላው ተመትቷል። ወለጋ ውስጥ ደግሞ በባላገሩና በተተከለው የመንግሥት ሰው መካከል ደም ፈሰሰ። ማዕከሉ ሲፈርስ የታፈነው ቂም ሁሉ በአንድ ወር ወጣ።

ነቀምቴ ላይ የተሰበሰቡት መሪዎች ሐሳብ እንዲህ ነበር። በአዲስ አበባ መንግሥት የለም። ጣሊያንንም አንፈልግም። ስለዚህ ራሳችንን ማስተዳደር እስክንችል ድረስ እንግሊዝ በመንግሥታት ማኅበር ሥር ሞግዚት ትሁነን። ወረቀቱ የተላከው ጎሬ በነበሩት የእንግሊዝ ቆንስል በካፒቴን ኤርስኪን በኩል ነው። ለምን እንግሊዝ? ጋምቤላ ላይ የንግድ ጣቢያ አላት፤ የወለጋና የኢሉባቦር ቡና በባሮ ወንዝ ወደ ሱዳን የሚወርደው በእንግሊዝ መርከብ ነው። ሱዳንም በእጇ ነች። የቅርብ ጎረቤት ማለት ናት።

በዚያው ከተማ፣ በዚያው ሰሞን፣ ሌላም ወረቀት ተጻፈ። የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ዕጩ መኮንኖችና ከውጭ ተምረው የመጡ ወጣቶች ጥቁር አንበሳ የተባለውን ማኅበር አቋቋሙ፤ መሪያቸው የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ነበሩ። ለንደን የተማሩት የወለጋው ልጅ ይልማ ዴሬሳም ከነሱ ጋር ነበሩ። ባለ 10 አንቀጽ ሕገ ደንብ አወጡ፤ ለንጉሠ ነገሥቱ ታማኝ ሆነው ለመዋጋት ማሉ።

ሁለቱ ወረቀቶች ቦነያ ላይ ተጋጩ። ሰኔ ላይ የጣሊያን አውሮፕላኖች የወለጋን መሪዎች ለማግባባት ነቀምቴ አጠገብ ቦነያ ላይ አረፉ። ሰኔ 19 ለ20 ሌሊት የጥቁር አንበሳ ልጆች ከበቧቸው። ጄኔራል ማሊዮኮን ጨምሮ የመጡት ተገደሉ፣ አውሮፕላኖቹ ተቃጠሉ፤ አንድ ቄስ ብቻ ተረፉ። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ሰኔ 23፣ ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቭ ላይ ቆመው በአማርኛ ለመንግሥታት ማኅበር አቤት አሉ።

አስቡት እስቲ። በአንድ ወር ተኩል ውስጥ ከአንድ አገር ሁለት አቤቱታ ወደ አንድ ደጃፍ ሄደ። አንዱ "አገሬን መልሱልኝ" ይላል። ሌላው "ከዚያ አገር ለዩኝ" ይላል። ደጃፉ ለሁለቱም አልተከፈተም። ማኅበሩ በጣሊያን ላይ የጣለውን ማዕቀብ ሐምሌ ላይ አነሳ። እንግሊዝ የነቀምቴውን ጥያቄ አልተቀበለችም፤ ሁለት ዓመት ቆይታ ደግሞ የጣሊያንን ወረራ ራሱን ዕውቅና ሰጠች።

በ1929 መግቢያ ጣሊያኖች ነቀምቴ ሲደርሱ ሀብተ ማርያም ተቀበሏቸው። ራስ እምሩ ወደ ደቡብ ተገፍተው ታኅሣሥ ላይ ጎጀብ ወንዝ አጠገብ እጃቸውን ሰጡ። ኮንፌዴሬሽኑ ከወረቀት ሳይወርድ አለቀ።

ሪችመንድ ሩቅ ነው?

አንድ ወዳጄ ይህን ሳጫውተው "ያው እንደ አሜሪካ ኮንፌዴሬት በለኛ" አለኝ። ባሪያ ያላቸው ጌቶች፣ በጦርነት መሀል መገንጠል፣ ከእንግሊዝ ዕውቅና መለመን። ንጽጽሩ ይማርካል፤ እስቲ በርጋታ እንየው።

እ.ኤ.አ. በ1861 ከአሜሪካ የተገነጠሉት የደቡብ ግዛቶች መጨረሻ ላይ 11 ደረሱ። ከ9 ሚሊዮን ገደማ ሕዝባቸው 3.5 ሚሊዮን ያህሉ ባሪያ ነበር። ፕሬዚዳንት ያደረጉት ጄፈርሰን ዴቪስ ሚሲሲፒ ውስጥ ከ100 በላይ ባሪያዎች የሚያሠሩ የጥጥ እርሻ ባለቤት ናቸው። ምክትላቸው አሌክሳንደር ስቲቨንስ በመጋቢት 1861 ሳቫና ከተማ ላይ ባደረጉት ንግግር፣ አዲሱ መንግሥት የቆመበት የማዕዘን ድንጋይ ጥቁር ከነጭ ያንሳል የሚለው እምነት መሆኑን ሳያፍሩ ተናገሩ። ሕገ መንግሥታቸውም ባሪያን እንደ ንብረት የሚነካ ሕግ እንዳይወጣ ከለከለ። መሪዎቹ ያሰቡት ዓለም ጥጣችንን ይፈልጋል፣ እንግሊዝ ትመጣልናለች ብለው ነው። አልመጣችም። በ1865 መጀመሪያ፣ ሊሸነፉ ሲሉ፣ ዴቪስ ዳንካን ኬነር የሚባሉ የሉዊዚያና ባለርስት ወደ አውሮፓ በምስጢር ላኩ። መልእክቱ "ዕውቅና ከሰጣችሁን ባርነትን እንተዋለን" የሚል ነበር። ለመንግሥታቸው ሲሉ መንግሥታቸው የቆመበትን ድንጋይ ለገበያ አወጡት ማለት ነው። ያኔም የሰማቸው የለም።

ነቀምቴ ሪችመንድ አይደለችም። የወለጋ መሪዎች የተነሱት ባርነትን ለማዳን አይደለም። ባርነት የሁለቱም ወገን ነበር፤ ከማዕከሉ ጋር ያጣላቸው እሱ አይደለም። ያጣላቸው የተገፈፈ ሥልጣን፣ የተለካ መሬት፣ የተደራረበ ግብር፣ የተናቀ ቋንቋ ነው። ዴቪስ የሸሹት ባርነትን ሊያጠፋ ይችላል ካሉት መንግሥት ነው። ሀብተ ማርያም የተለዩት አያታቸው ሳይዋጉ ከገበሩለት፣ ግን ቃሉን ካልጠበቀላቸው መንግሥት ነው። ይህን ልዩነት የዘለለ ሰው ታሪክ ሳይሆን ስድብ ነው የሚጽፈው።

አንድ ነገር ላይ ግን ይገናኛሉ። በሁለቱም ቦታ "እኛ" የሚለው ቃል ጠባብ ነው። በነፃነት ስም የሚናገረው ሰው ቤቱ ውስጥ ያለውን ሰው አይቆጥርም። ሪችመንድ ላይ ይህ በሕግ ተጻፈ። ነቀምቴ ላይ አልተጻፈም፤ መጻፍም አላስፈለገም፤ ማንም አልጠየቀማ። በርታው፣ ማኦው፣ ጉሙዙ "አንተስ በማን ሥር መሆን ትፈልጋለህ?" አልተባለም። ጎሬም አልጠየቀውም። ጄኔቭም። "ባርነትን አጠፋሁ" እያለ የገባው ጣሊያንማ መርዝ ጋዝ ይዞ ነው የመጣው፤ ነፃ አወጣሁት ያለውን ሰው መንገድ ሥራ ላይ አሰማራው።

ባርነት በኢትዮጵያ ያለ ቀጠሮ በሕግ የተሻረው ነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነው። አስቡት፦ ያኔ የተወለደ ሰው ዛሬም መንደራችን ውስጥ ከዘራ ይዞ ፀሐይ ሲሞቅ ታገኙታላችሁ።

የሚቀረው

ታዲያ ሀብተ ማርያም ባንዳ ናቸው ወይስ የነፃነት አባት? ሁለቱም ቃል ለኔ ይጠብበኛል። በደላቸው እውነት ነበር። ጣሊያንን መቀበላቸውም እውነት ነው። ግን በሁለቱም ቃል የምንፈርደው በአንድ ሚዛን ብቻ መሆኑን አስተውሉ፤ ለማዕከሉ ታማኝ ነበሩ ወይስ አልነበሩም በሚል። ከታች ላሉትስ ምን ነበሩ? ብለን አንጠይቅም። ይህን ጥያቄ ለጎሬ፣ ለአዲስ አበባና ለጄኔቭም ብንጠይቀው ከነቀምቴ የተሻለ መልስ አናገኝም።

አማርኛችን ራሱ ያጋልጠናል። ይህን ጽሑፍ መለስ ብዬ ሳነበው ደነገጥኩ። ለሞረዳ፣ ለኩምሳ፣ ለሀብተ ማርያም "እሳቸው" እያልኩ ነው የመጣሁት። ኦነሲሞስንም መጽሐፍ ስለጻፉ አከበርኳቸው። አስቴር ጋኖን ግን፣ ያን ሁሉ ቃል ከጭንቅላቷ አውጥታ የሰጠችንን ሴት፣ "አንቺ" ብዬ አለፍኳት። የአክስቴን ልጅ ቅድመ አያት እናትም "ተይዛ የመጣች" አልኩ። ማንም አላዘዘኝም። እጄ ራሱ ነው የጻፈው። ወደ ኋላ ተመልሼ ላርመው ነበር፤ ተውኩት፤ እናንተም እንድታዩት።

ባለፈው እሑድ አኮ ጋ ተመልሼ ሄድኩ። የአክስቴ ልጅም አብሮኝ ነበር። ቡና እየቆላች ሳለ በቀጥታ ጠየቅኳት።

"ስማቸው ማን ነበር?"

መቁያውን ይዛ ትንሽ ቆየች። "የሰጧትን ስም ነው የማውቀው" አለች። "የራሷን ለማንም አልነገረችም።"

"አንቺስ ታውቂያት ነበር?" አላት የአክስቴ ልጅ።

"እንዴት አላውቃትም! እኔን ያዘለችኝ እሷ ናት" አለች አኮ። ከዚያ ቡናውን አወረደችና ጭሱን ወደሱ አመጣችለት፤ እሱም እንደ ወጉ በእጁ ወደ ፊቱ ሳበው።

የ33ቱ ስም ወረቀት ላይ ሰፍሯል፤ የፈለገ ፈልጎ ያገኘዋል። የሳቸው ስም የለም። ከአባይ ቆላ መጡ፣ ትልቅ ቤት ውስጥ ውኃ ቀዱ፣ የሰው ልጅ አዝለው አሳደጉ። ከስንት ዘመን በኋላ ደግሞ አኖ ውስጥ አንድ ሰርግ በሳቸው ምክንያት ተሰረዘ። ነፃ ወጥተዋል የሚል ሕግ ከወጣ ቆይቷል። ሽማግሌዎቹ ግን ገና አልሰሙም።